ምስጋና ለቱና ቆርቆሮ

የቱና ቆርቆሮ ገዝቶ ኅሊናውን ሳያሳርፍ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ካለ፣ ጥፋቱ የራሱ እንጂ የአሻጊዎቹ አይደለም። እነርሱማ የአውራ ጣት ጥፍር የሚሸፍናት፣ «ዶልፊን ሳንጎዳ አጠመድን» የምትል አንዲት ትንሽ ዶልፊን አትመውልናል። እኔም መደርደሪያው ፊት ቆሜ ቆርቆሮውን አገላብጬ ዶልፊኗን ካገኘሁ ሌላ የምጠይቀው ነገር የለኝም፤ ጽድቅ በዚህ ዋጋ ከየት ይገኛል?

ነገሩ ታሪክ አለው። በምሥራቅ ፓስፊክ ቢጫ ክንፍ ያለው ቱና ከዶልፊን መንጋ ሥር ስለሚዋኝ፣ አጥማጆች ዶልፊኖቹን በመረብ ይከቡ ነበርና በሚሊዮን የሚቆጠሩት አለቁ። ሸማቹ ሲቆጣ ስታርኪስት፣ ባምብል ቢ እና ቺክን ኦፍ ዘ ሲ የተባሉት ሦስቱ የአሜሪካ አሻጊዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዲህ የተጠመደ ቱና አንሸጥም አሉ፤ ያውም በአንድ ቀን። (ይህን አንድነታቸውን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።) ከዚያ ወዲህ ብዙ መርከቦች ባሕር ላይ ተንሳፋፊ ማባበያ እየጣሉ፣ ከሥሩ የተሰበሰበውን ሁሉ ማፈስ ያዙ፤ ያልደረሰ ቱና፣ ሻርክና የባሕር ኤሊ ጭምር። ኤሊዋ ግን ቆርቆሮው ላይ ስላልታተመች አትቆጠርም፤ ቅር ካላት የራሷን ምልክት ታሠራ።

በፈጠራም አይታሙም። 170 ግራም የነበረው ቆርቆሮ እ.ኤ.አ. 2008 ገደማ 142 ግራም ሆነ። ክፉ አሳቢ ዓሣውን ሸረፉብን ይል ይሆናል፤ እኔ ግን 28ቱን ግራም ለባሕሩ እንደ መለሱለት እቆጥራለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍቅራቸው ነው። ነጋዴ በነጋዴ ላይ በሚዶልትበት ዓለም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ዋጋ ሲወስኑ የቆዩት ተመካክረው ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረታችንን ሳይሰሙት ፈጸሙት። ገዢዎች በመሠረቱት ክስ ላይ እንደ ተባለውም፣ ያለ ማባበያ የተጠመደ ቱና በየራሳቸው ስም ላለማቅረብ ተስማምተው ነበር። አንዱ አብልጦ አረንጓዴ ሆኖ ወንድሙን እንዳያሳጣ ብለው መሆን አለበት፤ እኔ እኮ ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዐቃቤ ሕግ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ባምብል ቢ 25 ሚሊዮን፣ ስታርኪስት 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ፤ ቺክን ኦፍ ዘ ሲ ምስጢሩን ቀድሞ በማውጣቱ ከወንጀል ቅጣት ዳነ። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነውና፣ የባምብል ቢ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 የ40 ወር እስራት ተፈረደበት።

ትናንት ማታ አንድ ቆርቆሮ ከፍቼ ዘይቱን ሳንጠፈጥፍ፣ የቀረው ዓሣ አንድ ዳቦ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ባዶውን ቆርቆሮ ግን አልጣልሁትም፤ አጥቤ፣ ዶልፊኗ ወደ እኔ እንድትዞር አድርጌ፣ ከራስጌዬ አኖርሁት።