የእድገት ፋክተር ያዝዛል ወይስ በሕይወት ያቆያል?

የክርክሩ ርዕስ፦ «የነርቭ ሴል ምን እንደሚሆን የሚያዝዘው የእድገት ፋክተር ነው።» (የእድገት ፋክተር ሴሎች የሚለቁት፣ ለሌሎች ሴሎች ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን ነው።)

ደጋፊ፦ ፒሲ 12ን ይመልከቱ፤ ከአይጥ አድሬናል ዕጢ ዕባጭ የተወሰደ ሴል ነው። ኮላጅን በተቀባ ሳህን ላይ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ኤንጂኤፍ (የነርቭ እድገት ፋክተር) ሲያገኝ መባዛቱን ትቶ በቀናት ውስጥ ረጃጅም ክሮች ያወጣል። ኢጂኤፍ የተባለ ሌላ የእድገት ፋክተር ከተሰጠው ግን መባዛቱን ይቀጥላል። ሁለቱም የሚያነቁት ያንኑ ኢአርኬ የተባለ፣ በሴሉ ውስጥ ምልክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው፤ በኢጂኤፍ ቶሎ ይከስማል፣ በኤንጂኤፍ ለሰዓታት ይዘልቃል። ትእዛዝ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ተቃዋሚ፦ የዕባጭ ሴል ምስክር ሆኖ ቀረበልን! ሴረም (ለሴሎች ምግብነት የሚጨመር የደም ፈሳሽ) እስካለው ድረስ ኤንጂኤፍ ቢቀርበት የማይሞት ሴል ስለ ፅንስ ምን ይነግረናል? በፅንስ ውስጥ ሲምፓቴቲክ ነርቮች (ልብንና ዕጢዎችን ያለፈቃዳችን የሚያንቀሳቅሱ) ከሚፈለገው በላይ ይፈጠራሉ። የሚደርሱበት አካል ኤንጂኤፍን የሚያመነጨው በቁጥቁጥ ነው፤ ያገኘ ይተርፋል፣ ያጣ ይሞታል። ይህ ምርጫ ነው፤ ትእዛዝ አይባልም።

ደጋፊ፦ «ያጣ ይሞታል» ካሉ፣ ሞቱን እናስቀረው። ለሴሉ መሞት የሚያስፈልገው ባክስ የተባለው ጂን የጠፋበት አይጥ የስሜት ነርቮች የኤንጂኤፍ ተቀባይ ባይኖራቸውም አይሞቱም። ግን ክራቸው ቆዳ ውስጥ አይዘልቅም፣ ሰብስታንስ ፒ የተባለውን የሕመም መልእክት አስተላላፊም አያመርቱም። የሞተ ከሌለ ምርጫው ማንን መረጠ?

ተቃዋሚ፦ ክሩ ያጠረ የስሜት ነርቭ ያው የስሜት ነርቭ ነው። ርዕሱ «ምን እንደሚሆን» ይላል፤ እርስዎ ስለ መጎልመስ ያወራሉ። ፒሲ 12ስ የት ገባ?

ደጋፊ፦ ፌዙን ይተዉት፤ ማስረጃ ነው ያቀረብኩት። አንድ የኒውራል ክሬስት ግንደ ሴል (በፅንስ ውስጥ ነርቭንም ሌሎች ሴሎችንም የሚያስገኝ) ለብቻው ይዘራ። ቢኤምፒ 2 የተባለውን ፋክተር ሲያገኝ ዘሮቹ ወደ ነርቭነት፣ ኒውሬጉሊን የተባለውን ሲያገኝ ደግሞ የነርቭ ክርን ወደሚሸፍነው ሽዋን ሴልነት ያደላሉ። ዘሩ ከአንድ ሴል ጀምሮ ስለሚታይ በሞት ማሳበብ አይቻልም።

ተቃዋሚ፦ ሳህን፣ አሁንም ሳህን! ሁለቱ በሙሉ መጠን አብረው ሲሰጡት ቢኤምፒ 2 ያይላል። ለማን ጆሮ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሴሉ ራሱ ነዋ! በሕያው አካል ውስጥ ያሳዩኝ።

ደጋፊ፦ እሺ፣ ሕያው አይጥ። የላብ ዕጢ ያለበት የመዳፍ ቆዳ ጠጉራም ቆዳ ባለበት ቦታ ላይ ሲተከል፣ ኖርአድሬናሊን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ያመርት የነበረው ነርቭ ሌላውን፣ አሴቲልኮሊንን፣ ወደ ማምረት ይዞራል። ዕጢው ነው ያዞረው።

ተቃዋሚ፦ በየትኛው ፋክተር? የሚጠረጠሩት ፋክተሮች፣ ሊፍም ሲኤንቲኤፍም፣ ሁለቱም በሌሉበት አይጥ ነርቩ ይዞራል። አዛዡን በስሙ ይጥሩልኝ እንጂ!

ደጋፊ፦ የፋክተሮቹ የጋራ ተቀባይ ጂፒ 130 ከነርቮቹ ሲጠፋ መዞሩ ይቀራል። ስሙን በዚህ ተቀባይ ከሚሠሩት ፋክተሮች ቤተሰብ ውስጥ ይፈልጉት።