ብረት ከመቀነሳችሁ በፊት ዝገቱን እዩ
«ከኋላ ባሌስትራ ሁለት ብረት አውጡ፣ ጎማው እንደልቡ ይወርዳል» የሚለው የኋላ ጎማ ወጣ ገባ መንገድ ላይ እንዲወርድ የሚሰጥ ምክር አደገኛ ነው። ባሌስትራ ማለት ተደራርበው የታሰሩት የመኪናው የሞላ ብረቶች ናቸው። የላንድክሩዘር 79 ባሌስትራ ጭነት ከመሸከም አልፎ አክስሉንም ቦታው ላይ የሚይዘው እሱ ነው። ብረት ወጥቶለት ሲሳሳ ዳገት ላይ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር አክስሉ ይጠማዘዛል፣ ጎማው ይዘላል፣ ክሮቼራው (ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ይጎዳል። መጀመሪያ ፍቱትና በብረቶቹ መሀል የተጋገረውን ዝገት እዩት። እሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ጫፋቸው የፋቀውን ቦታ አለስልሱ፣ ግሪስ ቀቡ፣ በባሌስትራው ጫፍ ላይ ያለውን የደረቀ ጎሚኒ (የጎማ ቡሽ) ቀይሩ። ባሌስትራው ግትርነቱ በደንብ ይቀንሳል። ካልበቃችሁ ስስ ብረቶች የተደረደሩበትን ባሌስትራ አስገቡ፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ የአንዱ ብረት ግትርነት ወደ 1/8 ይወርዳል። ጎማው የበለጠ እንዲወርድ «ረጅም ሾክ አብዞርበር ግጠሙ» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ግን የፍሬን ቱቦውንም አብረህ አስረዝመው፤ አክስሉ ሲወርድ ተወጥሮ ሊበጠስ ይችላል።