እርማት፦ ዓሣው ስለዋኘ ውሃው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣው እየዋኘ እየተራባ ነው፤ ከሞጆ የሚወርደው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ምንም አላደረገውም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ግን ልክ አይደለም። በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ከባድ ብረት (እንደ መዳብ፣ እርሳስና ሜርኩሪ ያለው) ዓሣን አብዛኛውን ጊዜ ባንዴ አይገድለውም፤ ቀስ በቀስ ያደክመዋል።

መዳብን ብንወስድ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ስንጥቡን ነው፤ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ቀይ መተንፈሻ። ስንጥቡ ያብጣል፣ በንፍጥ ይሸፈናል፣ ኦክስጅን እንደ ልብ አይገባም፣ ከደሙም ጨው ይወጣል። በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ማሽተቱን ያደነዝዘዋል፤ ማሽተት ያቃተው ዓሣ ደግሞ ከአዳኙ አይሸሽም። ይህን ከዳር ቆሞ በዓይን ማየት አይቻልም።

«በደንብ ከተጠበሰ ይጠፋል» ያልከውም እንዲሁ ልክ አይደለም። እሳት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያጠፋም። ሜርኩሪ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እርሳስና ካድሚየም ግን ይበልጥ የሚከማቹት በጉበት፣ በኩላሊትና በስንጥብ ነው፤ እባካችሁ እነዚህን ሾርባ ውስጥ አትጨምሩ።

የዓሣው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በተደረጉ ምርመራዎች፣ ሌላ ዓሣ የሚበላው ቢልጫ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል።