ከፍሎ የማሸነፍ ጥበብ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅም በሚያዝበት በአሜሪካኖቹ ጨዋታ) ከአሠልጣኙም ከተጫዋቹም በፊት መወደስ ያለበት የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ነው። ከ12ቱ መደበኛ ጨዋታዎች ስምንት ወይም ዘጠኙን ኮንፈረንሱ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው የሚወዳደርበት ሊግ፣ ስለሚመድብ፣ እዚያ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። የቀሩትን ሦስት አራት ተጋጣሚዎች የሚመርጠው ግን እሱ ነው። ጀግንነቱም የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከአንድ ደረጃ በታች ካለው ዲቪዚዮን አንድ ቡድን ይጠራል። እስከ 2025 ድረስ የላይኛው ለተጫዋቾቹ 85 ስኮላርሺፕ ሲፈቀድለት የታችኛው ከ63 አያልፍም ነበር፤ እንግዲህ የኃይል ሚዛኑን አስቡት። ደንቡም ሩኅሩኅ ነው። ለቦውል ጨዋታ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለሚደረገው የክብር ግጥሚያ፣ ከሚያበቁት ስድስት ድሎች አንዱ ከእንዲህ ያለው ቡድን ሊለቀም ይችላል። አንድ ብቻ መሆኑ ነው የሚያንገበግበው!

ቀጥሎ ቼክ ይጻፋል። እንግዳው መጥቶ ይቀጠቀጣል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የመልስ ጨዋታ ብሎ ነገር የለም። ባለሜዳው የቲኬቱንም የመኪና ማቆሚያውንም ገቢ ይሰበስባል፣ መንገድ የሚባል ጣጣ አያውቅም። ፍሎሪዳ ይህን ጥበብ ከሁሉ አሳምሮታል፦ በ1991 ሲራኪዩስ ሄዶ ከተጫወተ በኋላ፣ ከኮንፈረንሱ ውጭ ያለን ተጋጣሚ ፍለጋ ከግዛቱ ወጥቶ በሰው ሜዳ እስኪገጥም 2023 ደረሰ። ዩታ ድረስ መሄዱ እንኳ ድፍረት ነው።

ቀኑም በዘፈቀደ አይመረጥም። አላባማ በኅዳር 2023 የታችኛውን ዲቪዚዮን ቡድን ቻታኑጋን 66 ለ10 ካነጠፈ በኋላ ነው በሳምንቱ ወደ ባላንጣው ኦበርን የሄደው። ከከባዱ ፈተና በፊት እንዲህ ያለ ማሟሟቂያ የማይመኝ ማን አለ?

አልፎ አልፎ ግን ይሉኝታ የማያውቅ እንግዳ ይገጥማል። በ2007 ሚሺጋን፣ በአገሩ 5ኛ ተብሎ፣ ለአፓላቺያን ስቴት 400 ሺህ ዶላር ከፍሎ በገዛ ሜዳው 34 ለ32 ተሸነፈ፤ የመጨረሻዋን የ37 ያርድ ምት እንኳ እንግዶቹ አገዱበት። ኖተርዳም በ2024 ለኖርዘርን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ከፍሎ 16 ለ14 ተረታ። በ2022 ደግሞ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ያንኑ አፓላቺያን ስቴትን ጋበዘና 17 ለ14 ተሸነፈ። በዚያን ጊዜ የእንግዳው ዋጋ 1.5 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ያው እንደ ወጉ፣ ከነሽንፈቱ ተከፈለ።