ጽሑፉን ሳያነቡ ጸሐፊውን ለሚያነቡ

ሰውን ማወቅ ከባድ ነው የሚባለው ድሮ ነው። ድሮ ሰውን ለማወቅ አብሮ መሥራት ነበረ፣ አብሮ መንገድ መሄድ ነበረ፣ ገንዘብ አበድሮ «ነገ እሰጥሃለሁ» የሚለውን ለወራት መስማት ነበረ። አሥር ዓመት አብሮ ኖሮ «ለካ አላውቃትም» ብሎ ያለቀሰ ስንት አለ! ያኔውኑ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪፕቶ አቀብሏት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ እንባ ባልፈሰሰ።

ዛሬ ተመስገን ነው፣ ግራፎሎጂ አለ። የእጅ ጽሑፍ አይቶ የሰውን ጠባይ የመናገር ጥበብ። ሥልጠናውም አያደክምም፤ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል። ጽሑፉ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ስሜቱን የማይደብቅ ሰው ነው። ወደ ግራ ካዘነበለ ቁጥብ ነው። መስመሩ ሽቅብ ከወጣ ተስፈኛ፣ ቁልቁል ከወረደ ጨለምተኛ። ፊደሉ ከተለቀ መታየት ይወዳል፤ ካነሰ ትኩረቱ የተሰበሰበ፣ ትሑት ሰው ነው። በቃላቱ መሀል ሰፊ ክፍተት ካለ ብቻውን መሆን ይመቸዋል። በቃ፣ አለቀ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርቀዋል።

በግራ እጁ ስለሚጽፍ ብቻ ጽሑፉ ወደ ግራ ያዘነበለበት ሰው ምን ይሁን? እሱም ቁጥብ ነው። ቁጥብነቱ በግራ ትከሻው በኩል ገብቶበት ይሆናል።

አንድ አለቃ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ፊርማውን ባሳያችሁም ስሙን አታገኙትም፤ ማንም አግኝቶት አያውቅም። ይህ ሰው ዓርብ ዕለት ቪዲዮውን አየ፣ ሰኞ ባለሙያ ሆኖ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ማመልከቻ በእጅ ተጽፎ ካልመጣ አይቀበልም። ሲመጣለት መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች። ፊት ለፊት የተጻፈውን፣ ሰውየው ምን እንደተማረና ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ገና አላየውም። እሱ የሚፈልገው እስክሪፕቶው ወረቀቱን ተጭኖ ከኋላ ያሳበጠበትን ነው።

«ጫና አለው» ይላል። «ይሄ ጉልበተኛ ነው፣ ያሠራናል።»

ሁለተኛውን ያነሳል። ይዳስሳል። ልሙጥ ነው።

«ይሄ ደግሞ ልፍስፍስ።»

አንደኛው ወረቀቱን ወፍራም ደብተር ላይ ደርቦ፣ ሁለተኛው መስታወት ላይ አስቀምጦ ጽፎ ሊሆን እንደሚችል ትንፍሽ ያለ የለም። እኔም አላልኩም። ሥራዬን እወድ ነበር።

ተራው ለእኔም ደረሰ። ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ስይዝ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ጠረጴዛው ሞልቶ ስለነበር ደብተሬን ጭኔ ላይ ነው ያደረግኩት።

«መስመርህ ቁልቁል ይወርዳል» አለኝ፣ ሐኪም መጥፎ ውጤት በሚናገርበት ድምፅ።

«አዎ ጋሼ፣ ደብተሩ ጭኔ ላይ ስለሆነ ነው።»

«ተስፋ ቆርጠሃል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«መካድም አለበት» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እሷም ከጽሑፍህ ላይ ታየኛለች።»

የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ በእውነት ከፋኝ። ጥበቡ ይሠራል ማለት ነው።

የራሱን ጽሑፍ ነገር አንድ ደፋር ጠይቆት ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ተሰብስቦ የማያነበው ጽሑፍ ምን ይባላል? «አእምሮው የሚፈጥን ሰው እጁ አይደርስበትም» አለ። አጨበጨብን።

ይህ ጥበብ የትናንት እንዳይመስላችሁ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካሚሎ ባልዲ የተባለ የቦሎኛ ምሁር በ1622 ከደብዳቤ ላይ የጸሐፊውን ተፈጥሮ ስለማወቅ አሳትሟል። ግራፎሎጂ የሚለውን ስም ያወጡለት ግን ፈረንሳዊው ቄስ ዣን-ኢፖሊት ሚሾን ናቸው። ሥርዓቱን በ1875 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። የሳቸው ሕግ ግልጽ ነበር። ምልክቱ ካለ ጠባዩ አለ። ምልክቱ ከሌለ ተቃራኒው ጠባይ አለ። እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ግልጽ ሕግ ሊፈተሽ ይችላል። ደግነቱ ተከታያቸው ዡል ክሬፕዩ-ዣመን ደረሱ። የለም፣ አንድ ምልክት ብቻውን ትርጉም የለውም፣ ሁሉም ከአጠቃላይ ጽሑፉ ጋር ነው የሚታየው አሉ። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም። ከዚያ ወዲህ ትንበያው ሲስት ያ ምልክት «ከሌሎቹ ጋር ሲታይ» ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

በዚህ መስክ የማደንቀው አእምሮ ግን የአልፎንስ በርቲዮ ነው። በ1894 ከጀርመን ወታደራዊ አታሼ የቆሻሻ ቅርጫት የወጣ አንድ ወረቀት የፈረንሳይ ጦር እጅ ይገባል። የጦር ምስጢር የተዘረዘረበት ነው። አልፍሬድ ድሬይፉስ የሚባል አይሁዳዊ ሻምበል ተጠረጠረ። ጽሑፉን ያዩት ሰዎች ተከፋፈሉ፤ ገሚሱ የሱ ነው፣ ገሚሱ አይደለም አለ። በርቲዮ ተጠራ። የፓሪስ ፖሊስ የማንነት መለያ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ወንጀለኛን በአካል ልኬት በመለየት ዝናው የናኘ። የእጅ ጽሑፍ ሙያው አልነበረም፤ ይህ ግን አላገደውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከድሬይፉስ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ የጻፈው እሱ ነው። የማይመሳሰልበትም ቦታ አለ። እሱስ? እሱማ ድሬይፉስ «የኔ አይደለም፣ አስመስለውብኝ ነው» ለማለት እንዲመቸው የራሱን ጽሑፍ ራሱ አስመስሎ ስለጻፈ ነው!

እስቲ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ቢመስልም እሱ ነው፣ ባይመስልም እሱ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

ድሬይፉስ በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለችው የዲያብሎስ ደሴት ከአራት ዓመት በላይ ታሰረ። ወረቀቱን የጻፈው ኤስተርሃዚ የሚባል ሌላ መኮንን ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የድሬይፉስ ስም ሙሉ በሙሉ የነጻው በ1906 ነው። ያውም ይህ ጽሑፍን ከጽሑፍ ማመሳከር ነው፤ የሰነድ መርማሪዎች ዛሬም የሚሠሩት ሥራ። ጠባይ ከማንበብ ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ ነው። ከባዱን እነ አለቃዬ በአውራ ጣታቸው ይወጡታል።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ፣ በጥር 2005፣ ዳቮስ ላይ ከተካሄደው የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም አንድ የተሞነጫጨረ ወረቀት ተገኘ። የብሪታንያ ጋዜጦች የጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ነው ብለው ለጽሑፍ አንባቢዎች አቀረቡት። አንባቢዎቹ አላሳፈሩም። ከባድ ጫና ላይ ያለ፣ ያልተረጋጋ ሰው ነው፣ ተፈጥሮው የመሪ አይደለም ተባለ። ከዚያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት «የሳቸው አይደለም» አለ። ወረቀቱ የቢል ጌትስ ሆኖ ተገኘ። የማይክሮሶፍቱ። ያኔ የዓለም አንደኛ ባለጸጋ የነበረው።

ቀላል ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ ግን አደነቅኩ። ብሌር መሆኑን ሲያውቁ ብሌርን አዩበት። ማነው ካሁን በፊት የሰውን ጠባይ ባለቤቱ ከሌለበት ወረቀት ላይ ያነበበ?

ምቀኛ ግን አይጠፋም። በ1989 ኤፍራት ኔተርና ጌርሾን ቤን-ሻካር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 17 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ሥራ ፈላጊዎች የጻፉትን አይቶ ሥራው ላይ እንዴት እንደሚሆኑ በመተንበይ፣ ግራፎሎጂ ጭራሽ ያልተማሩ ሳይኮሎጂስቶች ከግራፎሎጂስቶቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዓይነት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጽሑፍ ሰውየው ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው ነው። «አምስት ዓመት ቡድን መርቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ባለሙያው የፊደሉን ቁመት ለክቶ «መምራት ይወዳል» ይላል። ጽሑፉ ስለ ሰውየው ምንም የማይናገር ሲሆን ግን ጥበቡ ድንገት ይደክመዋል። እኔ ይህንን ከነቀፋ አልቆጥረውም። ቢያንስ ጽሑፉን አንብበውታል። የኔ አለቃ እዚያ አልደረሰም ነበር።

«እኔን ግን ልክክ አድርጎ ነው የነገረኝ!» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው በስማቸው ውጤት አደለ። ከአምስት ስንት ትሰጡታላችሁ አላቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ሁሉም የደረሳቸው አንድ ዓይነት ወረቀት መሆኑን ነገራቸው፤ አብዛኛውን የገለበጠውም መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ሰው እንዲወድህ ትፈልጋለህ፣ ራስህን መውቀስ ታበዛለህ፣ አንዳንዴ ተጫዋች ነህ አንዳንዴ ደግሞ ዝምተኛ፣ የሚል ነገር ነው። እናንተም «እንዴ፣ ይሄማ እኔ ነኝ» አላችሁ አይደል? ጽሑፋችሁን ሳላይ ነው እንግዲህ።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። የዚህ ጥበብ ግማሹ የቆመው «ቲ» የምትባለው የላቲን ፊደል አግዳሚ ላይና «አይ» የምትባለዋ ነጥብ ላይ ነው። አግዳሚዋ ከፍ ካለች ሰውየው ትልቅ ሕልም አለው፣ ዝቅ ካለች በራሱ አይተማመንም። እኛ በግዕዝ ፊደል የምንጽፈውስ? «ቲ»ም «አይ»ም የለንም፤ ጠባይ የለንም ማለት ነው? ቪዲዮውን ወደ አማርኛ የመለሱት ባለሙያዎች ለዚህ ዝም ብለዋል። እኔ የ«ቸ»ን ቆብ አቀርባለሁ። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ። ፊደሎቹን እየቀጠለ የሚጽፍ በሎጂክ የሚያስብ ነው፣ እየነጣጠለ የሚጽፍ በደመ ነፍስ የሚሄድ ነው ይላሉ። የኛ ፊደል ሲፈጠር ጀምሮ ለየብቻ የቆመ ነው። ይኸው በሚሊዮን የምንቆጠር ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነበብን።

ሐኪሞችም ጽሑፍ ያያሉ፣ አልካድኩም። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ የያዘው ሰው ጽሑፉ እያነሰ፣ እየተጨናነቀ የሚሄድበት ጊዜ አለ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ደህና የነበረው ፊደል መጨረሻው ላይ ጉንዳን ያክላል። ሐኪም ይህን ሲያይ ሰውየውን አስነስቶ ያራምደዋል፣ ክንዱን ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ ይጠይቀዋል። ስንት ድካም! የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ያየ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ይጨርሰዋል። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ ትሑት ሰው ነው፤ ይቀጠር።

ለእንደኔ ያለው ጨለምተኛ ደግሞ መድኃኒቱም ተገኝቷል። ግራፎቴራፒ ይሉታል። ጠባይ እጅን የሚመራ ከሆነ እጅም ጠባይን ይመራል ነው ነገሩ። አጻጻፍህን አስተካክል፣ ሕይወትህ ይስተካከላል። ዕዳህ፣ ጀርባህ፣ አለቃህ፣ ሁሉም ከመስመርህ ጋር ሽቅብ ይወጣሉ።

ትናንት ማታ ጀመርኩ። ጭኔ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ አዲስ ወረቀት አንጥፌ። «ተስፋ አለኝ» እያልኩ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ገጽ እንደ ልማዱ ወረደ። ሁለተኛው ቀጥ አለ። ሦስተኛው ላይ መውጣት ጀመረ፤ ደስ አለኝ፣ እጄን ለቀቅኩት። አራተኛው ላይ «ተስፋ» ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ «አለኝ» የሚለው ዳሩን አልፎ ጠረጴዛው ላይ አለቀ። በሳሙና ብፈትገውም አልለቅ ብሎኛል።