ከዘጠነኛ ክፍል ፕሮግራም ላይ እጃችሁን አንሱ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አዲስ ውሳኔ አሰሙን። የዘጠነኛ ክፍል የስፖርት፣ የአይሲቲ (የኮምፒውተር ትምህርት) እና የዜግነት ፔሬዶች ለሒሳብ፣ ለፊዚክስና ለእንግሊዝኛ ቱቶሪያል ይሰጣሉ። ምክንያቱስ? ተማሪው ትምህርት በዝቶበታል፤ ማትሪክ የሚወድቀውም ለዚህ ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ተናድጄ ወጣሁ፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የታደለው ፕሮግራም እጄ ላይ ነው። የዓርብ ከሰዓት ስፖርት በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ ከላዩ «ቱቶ» ተብሎ ተጽፎበታል። የሐሙሱ አይሲቲም እንደዚያው።

«ትምህርት ስለበዛ ወደቁ» የሚለውን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) የገባው ልጅ በዋናነት የተፈተነው ምን ምን ነው? ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ። ታሪክና ጂኦግራፊን ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ትምህርት መቀነስ የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ ይሄ ልጅ ባለፈ ነበር። የጣለው ሌላ ነው። በቅጡ ማንበብ ሳይችል ከክፍል ክፍል መዛወሩ ነው። ላብራቶሪ የማያውቀው ኬሚስትሪ ነው። ጦርነት ያቋረጠው የትምህርት ዘመን ነው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር ነው። ይህን ሁሉ ትቶ ስፖርት ላይ መዝመት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ጣናን እንመልከት። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመቻ ተወጣ? ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ማሽን ተገዛ። አረሙ ግን ይመለሳል። ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ እንደሚቆይ ባዮሎጂ ይነግረናል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደሚያፋፋው ኬሚስትሪ ያስረዳል። ግን ያ ፎስፈረስ ከየት መጣ? ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ከታረሰው ተዳፋት አፈርና ማዳበሪያ አጥበው ያመጡታል፤ ይሄ ጂኦግራፊ ነው። ገበሬው ለምን እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ያርሳል? መሬቱ ጠቦት፣ ሌላ ገቢ አጥቶ። ይሄ ኢኮኖሚክስ ነው። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ከሐይቁ ጋር እንዴት እንደኖሩ ለማወቅ ታሪክ ያስፈልጋል። አረሙ የት እንደደረሰ ከሳተላይት ምስል ላይ ካርታ የሚሠራው ደግሞ ኮምፒውተር የነካ ልጅ ነው። ከከተማችን ወደ ሐይቁ የሚለቀቀውን ፍሳሽ ማን ይጠይቅ? እዚህ ላይ ያ በቀይ የተሰረዘው ዜግነት ይመጣል። ጣናን በጥቂት ትምህርት ብቻ የሚያድን ትውልድ አይኖርም! ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረን ግማሽ ዓይኑን የምንጋርደው ልጅ ነገ የሐይቁ ባለሙያ ይሆናል ብለን እንዴት እንጠብቃለን?

ደግሞ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው ምርጫ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በፊት ልጁ ሁሉንም ይቅመስ። ሳይቀምስ ምኑን ይመርጣል?

ሒሳብና እንግሊዝኛ መድከማቸው እውነት ነው። ቱቶሪያል ይሰጥ፤ ማን ጠላ? ቅዳሜ ጠዋት አለ፣ ተቃራኒ ፈረቃ አለ። ሥርዓተ ትምህርቱን ያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት በእስክርቢቶ የሚሰርዘው ነገር አይደለም።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር እንጠይቅ። ሰኔ ላይ ካርዱ ሲመጣ ከአይሲቲ ጎን ምን ሊጻፍ ነው? ያልተሰጠ ትምህርት ማርክ ከየት ይመጣል? ይህ እስኪመለስልን ድረስ ቃለ ጉባኤው ላይ አንፈርም።