ቫልቩን ዝጉት!

ኧረ በእናታችሁ፣ የካራቫኑን (በመኪና የሚጎተተውን ቤት) የሽንት ቤት ታንከር ቫልቭ ዝጉት! ዛሬም ካምፑ ውስጥ ቱቦ ተሰክቶ፣ ቫልቭ ተከፍቶ ያደረ አለ። ስንት ጊዜ ይነገር? ክፍት ከሆነ የሚወርደው ፈሳሹ ብቻ ነው። ሶፍቱና ሌላው እታች ይቀራል። ይከመራል። ይደርቃል። እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል! ከዚያ የታንከሩን መጠን የሚለካው ሴንሰር ባዶውን ታንከር «ሙሉ» ይላል፣ ሽታው ልጅ አዋቂውን ያስወጣል። ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የሚናፍቁት ጉዞ በአንድ ቫልቭ ይበላሽ? ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ መዝጋት ምን ይከብዳል? ያን ያህል ሲሞላ ጓንት አጥልቁ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ ከዚያ የዕቃና የገላ ማጠቢያውን፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ሲያልቅ ቫልቩን ዝጉና የሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ 15 ሊትር ያህል ውሃ መልሱበት። ደረቅ ታንከር ላይ፣ እባካችሁ፣ ማንም አይቀመጥ!